ተለማማጁን ሥራ ስጡት



በምረቃ ቀን የሚጠራ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ስለ ሀገር ተስፋና ስለ ራእይ ይናገራል። እኔ የመጣሁት ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከሞተር፣ ከማርሽና ከአቧራ ጋር ስለሆነ የማውቀውን ባወራ ይሻላል። የማውቀው ደግሞ በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዘው ለኢንተርንሺፕ ወደ እኛ የሚመጡትን ልጆች ነው። የሜካኒካል ምህንድስና ተመራቂዎች፣ መምህራናችሁ ዓመታት ሙሉ አይተዋችኋል። እኔ የማየው የልምምዱን አንድ መንፈቅ ቢሆንም መምህራን በማያዩበት በኩል ነው የማየው።

የልምምድ ሪፖርት ስንቱን አንብቤ ፈርሜያለሁ። ምዕራፍ አንድ የድርጅቱ ታሪክ ነው፤ መቼ ተመሠረተ፣ ማን መሠረተው፣ ስንት ሠራተኛ አለው። ምዕራፍ ሁለት መዋቅሩ ነው፤ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው በሳጥንና በመስመር የተሳለ። እንዲህ እንዲህ ተብሎ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደረስ «ያጋጠሙ ችግሮችና የመፍትሔ ሐሳቦች» ይመጣል፤ ችግሩ የመለዋወጫ እጥረት፣ መፍትሔው መለዋወጫ መግዛት። ትስቃላችሁ፤ የጻፋችሁት ሰዎች ራሳችሁን ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜማ ሪፖርቱ መሀል ሳይሰረዝ የቀረ የሌላ ፋብሪካ ስም አገኘሁ። የስኳር ፋብሪካ ነበር። እኛ ሸንኮራ አንጨምቅም።

ልጁን ግን አልተቆጣሁትም፤ በዚያ መንፈቅ ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደከረመ አውቃለሁና። ጠዋት ይመጣል፤ መዝገብ ላይ ይፈርማል፤ ወንበር ካገኘ ይቀመጣል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ፎርማኑ «እዚያ ጋ ቆመህ ተመልከት፣ እንዳትነካ» ይለዋል። ተመልክቶ ተመልክቶ ሲሰለቸው ስልኩን ያወጣል። ይህ ልጅ ሪፖርቱን ከየት ያምጣው? ካለፈው ዓመት ተማሪ ፍላሽ ነዋ።

ፋብሪካ ግቢ ውስጥ መዋል ብቻውን ማንንም አያስተምርም፤ ቢያስተምር ኖሮ የግቢያችን ድመቶች ሁሉ መሐንዲስ ይሆኑ ነበር። ተለማማጅ የሚማረው «ይሄ ያንተ ነው፣ ብትሳሳት አንተን እንጠይቃለን» የተባለበት ሥራ ሲኖረው ነው። ይህን የምለው በሁለት ልጆች ስላየሁት ነው።

የመጀመሪያው የኪልኑ ልጅ ነው። ኪልን ለማታውቁ ወላጆች፦ ውስጡ በእሳት ጡብ የተለበጠ ትልቅ የብረት ቧንቧ ነው፤ ትንሽ ዘመም ብሎ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ውስጡ ያለው ጥሬ ዕቃ፣ በኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር እስኪሆን 1450 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይግላል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዋናው ሞተር ይቆማል። የጋለ ኪልን ደግሞ ቆሞ ከቀረ በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል፤ ከጎበጠ ጡቡ ይረግፋል፣ የተሸከሙት ሮለሮች ይጎዳሉ። ለዚህ ሲባል ዳር ላይ አንዲት ትንሽ የናፍጣ ሞተር አለች፤ ቶሎ ተነሥታ ኪልኑን በዝግታ ማዞር አለባት። በመጽሐፍ ቢጻፍ አንድ አንቀጽ አይሞላም። አንድ ሌሊት ተለማማጆች ፈረቃ ላይ እያሉ መብራት ጠፋና ሰው ሁሉ በጨለማ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሮጥ አዩ። በማግስቱ ከመካከላቸው አንዱ ቢሮዬ መጥቶ ስለ ኪልኑ ምንም አልጠየቀኝም። «የናፍጣ ሞተሯን ባትሪ የሚከታተለው ማነው?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚከታተለው እሱ ሆነ። በየሳምንቱ ባትሪውን ይለካል፣ ሞተሯን ያስነሣል፣ በደብተር ይጽፋል። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ምድጃ በአንዲት ባትሪ ላይ እንደሚንጠለጠል የተረዳ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ የትኛውንም ፋብሪካ በሌላ ዐይን ነው የሚያየው።

ሁለተኛዋ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። የተሰጣት የደህንነት ጫማ ስለሚሰፋት ካልሲ ደርባ ነበር የምትለብሰው፤ ለሴት እግር የሚሆን ጫማ መግዛት የማያስታውሱ ፋብሪካዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ የአቧራ ማጣሪያው ትልቁ ፋን ኩሽኔታ ይበላ ነበር። ይቀየራል፣ ጥቂት ሳምንት ይሠራል፣ ይግላል፣ ይጮኻል፣ እንደገና ይቀየራል። በሻይ ሰዓት የሚወራው «ገበያው ላይ ያለው ኩሽኔታ ሁሉ አስመስሎ የተሠራ ነው» የሚል ነበር። ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ አንድ መካኒክ አለን፤ የካቻቢቴውን ጫፍ የኩሽኔታው ቤት ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ የሚያዳምጥ። አንድ ቀን ጠራት።

«ነይ ልጄ፣ ስሚው።»

አዳመጠች። «ጋሼ፣ በሞተሩ በኩል ያለው ያንኳኳል፤ የወዲያኛው ግን ደህና ነው።»

«ለምን ይመስልሻል?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ፈልጊልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ፋን ያንቺ ነው።»

ለጥገና ሲቆም ማብሪያው ተቆለፈ፤ እሷም የዳያል መለኪያውን ሞተሩ እግር ላይ ተክላ አራቱን ቡሎኖች በየተራ አላላች። አንዱን ታላላለች፣ መርፌውን ታያለች፣ መልሳ ታጠብቃለች። በሦስቱ መርፌው ብዙም አልተነቃነቀም። አራተኛው ሲላላ ግን የሞተሩ እግር ከመቀመጫው ብድግ አለ። እግሩ ከመጀመሪያውም አልተቀመጠም ነበር፤ ቡሎኑ ነው በግድ ጎትቶ ያስቀመጠው። እንደዚያ ሲጠብቅ የሞተሩ አካል ይጣመማል፣ ዘንጉ ከፋኑ ዘንግ ጋር መስመር ይስታል፣ ዕዳውን የሚከፍለው ኩሽኔታው ነው። ከሥሩ ሲታይ ከተራ ቆርቆሮ ተቆርጦ የገባ ማስደገፊያ ዝጎ አልቆ ተገኘ። በልኩ ሌላ ተቆርጦ ገባ፤ አላይመንቱ እንደ አዲስ ተሠራ፤ ፋኑ ጸጥ አለ።

ይህች ልጅ የማሽን ኤለመንት ኮርስ ወስዳለች። የኩሽኔታ ዕድሜ ስሌት ፈተና ላይ ሠርታ ጥሩ ውጤት አግኝታለች። ስሌቱ ግን ጭነቱ ስንት እንደሆነ ተነግሮሽ ነው የሚጀምረው፤ ጭነቱ ከየት እንደመጣ ፈልጊ አይልም። ያን የሚለው አሮጌው መካኒክ ነው። ሪፖርቷ ውስጥ የድርጅቱ ታሪክ ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር።

ተማሪን ሥራ እየሰጡ ማስተማር አዲስ ግኝት አይደለም። ኸርማን ሽናይደር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ፔንሲልቬንያ በሚገኘው ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር አንድ ነገር ልብ አለ፤ ከተመራቂዎቹ ጎልተው የሚወጡት ብዙዎቹ እየተማሩ ወይም ከመማራቸው በፊት የሠሩ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ደግሞ ትልቅ የብረት ፋብሪካ ነበር፤ ተማሪው ከአጥሩ ወዲህ፣ ብረቱ ከአጥሩ ወዲያ። ሐሳቡን ይዞ ወደ ሲንሲናቲ ሄደ፤ ያን ጊዜ ከተማዋ ቶርኖና ፍሬሳ የመሳሰሉ ማሽኖች በብዛት የሚመረቱባት ነበረች። የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ለአንድ ዓመት እንዲሞክር ፈቀደለት፤ ቢከሽፍ ግን እኛ ኃላፊነት አንወስድም ብሎ በጽሑፍ አስቀመጠ። ክቡራን የቦርድ አባላት ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ቦርድ የትም ቦርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በ27 ተማሪዎች ተጀመረ፤ ከመካከላቸው እንደ እናንተ የሜካኒካል ተማሪዎች ነበሩ። ሁለት ተማሪ አንድ የሥራ ቦታ ይጋራል፤ አንዱ ክፍል ሲሆን ሌላው ፋብሪካ ነው፤ በሳምንቱ ይቀያየራሉ። የሥራ ቦታው ባዶ አይውልም፤ ደመወዝም ይከፈላቸዋል። «ኮኦፕ» የሚባለው ይህ ነው። የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲከፈት ከመጀመሪያው ቀን በዚሁ መንገድ ነው የተነሣው።

ከዚህ ሁሉ እኔ የምይዘው ደመወዙን ነው። ደመወዝ የሚከፍል አሠሪ ተማሪን ወንበር ላይ አስቀምጦ አይረሳውም፤ ገንዘቡ ስለሚያንገበግበው ሥራ ይፈልግለታል። በነጻ የመጣን ሰው ግን ዋለም አልዋለም ማንም አይቆጥረውም። እዚህ የተቀመጣችሁ የኢንዱስትሪ ኃላፊዎች ካላችሁ የትራንስፖርትና የምሳ ያህል እንኳ ክፈሉ። ልጁን ለመርዳት ብቻ አይደለም፤ እናንተው ራሳችሁ ልጁን እንድታስታውሱት ነው።

እኛ ሀገር በ1998 ዓ.ም. በጀርመን ድጋፍ የተጀመረው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም የምህንድስና ትምህርትን ሲከልስ ለኢንዱስትሪ ልምምድ ሰፊ ቦታ ተሰጠው። ውሳኔው ጥሩ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ከፋብሪካዎቹ ቀድመው በዙ። አንዱ ፋብሪካ በውጭ ምንዛሪ እጦት በግማሽ አቅሙ ሠራ፤ ሌላው በጦርነት ቆመ፤ የቀረው በአንድ ጊዜ ከብዙ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ጎረፈለት። ስለዚህ ከመካከላችሁ ከበር የተመለሳችሁ አላችሁ። ዘመድ ያለው ገባ፣ ዘመድ የሌለው ጋራዥና ቶርኖ ቤት ሄደ። ቶርኖ ቤት የሄዳችሁ በዚህ አትፈሩ። ለቶርኖ ባለሙያው ስዕል የሌለው የተሰበረ ዘንግ ይመጣለታል፤ ልኩን ከስብራቱ ላይ ይወስዳል፤ በብየዳ ሞልቶ እንደገና ይቆርጠዋል፤ ባለቤቱ በዚያው ቀን ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ካለ ባለሙያ ጎን የቆመ ተማሪ፣ በትልቅ ፋብሪካ የስብሰባ አዳራሽ ስላይድ ሲያይ ከከረመው ይልቅ ብዙ ያውቃል።

ሌላው የእጅ ጉዳይ ነው። ቱታ ለብሶ ፎቶ መነሣት የሚወድ፣ ግሪስ መንካት ግን የሚጸየፍ ተለማማጅም አይቻለሁ። ልጁ ብቻውን አልፈጠረውም፤ የቆየ በሽታ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸማ የሚሠራውን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ ስለበዛ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም «ይሄን ሁሉ ተምሮ ቡሎን ሊፈታ ነው?» የሚል ወላጅ አለ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አይጠፋ ይሆናል። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ልጆቻችሁ ቡሎን ይፍቱ። ቡሎን ፈትቶ የማያውቅ መሐንዲስ ዲዛይን ሲሠራ ቁልፍ በማይገባበት ጥግ ቡሎን ያስቀምጣል፤ ከዓመታት በኋላ ሌሊት ላይ እዚያ ጥግ ተኝተን የምንረግመው እኛ ነን።

ተመራቂዎች፣ ሥራ ፍለጋው ቀላል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ እኔም ቀላል ነው ብዬ አልሸነግላችሁም። በልምምድ ጊዜያችሁ ወንበር ብቻ የደረሳችሁ ካላችሁ ግን ባገኛችሁት የመጀመሪያ ሥራ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አለቃችሁን አንድ ማሽን ለምኑ። ማንም የማይፈልገውን፣ ሁልጊዜ የሚበላሸውን። እሱን የሚከለክል አለቃ የለም።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ብዙዎቻችሁ የፈረቃ ኃላፊ ትሆናላችሁ፤ አንድ ጠዋት ጥበቃው ደውሎ «ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ልጆች በር ላይ ናቸው» ይላችኋል። ስብሰባ ላይ ነኝ አትበሉ። ውጡና ተቀበሏቸው። ጫማና የራስ ቆብ በልካቸው ስጡ። ማብሪያው ሳይቆለፍና ምልክት ሳይንጠለጠልበት እጅ ወደ ማሽን እንደማይገባ በዚያው ቀን አሳዩ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው መልሱን እናንተም የማታውቁትን አንድ ጥያቄ ስጡ፤ ከጎናቸውም ታጋሽ መካኒክ አቁሙ። ሪፖርታቸውን ሳታነቡ አትፈርሙ፤ የድርጅቱን ታሪክ ግን ብትዘልሉት ማንም አይታዘባችሁም።