ከቡሬ የመጡት ፍሎፒዎች

(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተጠየቅሁት ስለ ሕክምና እንድናገር ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝና ስለ ፍሎፒ ዲስክ ልናገር።

አምና ቡሬ ሄጄ ነበር። ከእኛ ጋር ተመርቆ በወጣትነቱ የተለየን ወንድማችን እናት በጨርቅ የተጠቀለሉ አራት ፍሎፒዎች ከሣጥን አወጡና «ልጄ፣ አንቺ ሐኪም አይደለሽ? ይኸ ይድን እንደሆን እይልኝ» አሉኝ። ተቀብዬ ወደ ፍኖተ ሰላም ይዣቸው ተመለስሁ።

ፍሎፒ ማግኔታዊ ሽፋን የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ እርጥበት፣ ሻጋታና አቧራ ይገድሉታል። የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳትን አንዲት ፎቶ እንኳ ብዙውን ጊዜ አይችልም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። መጀመሪያ ጥጉ ላይ ያለችውን መዝጊያ አንሸራትቼ ቀዳዳዋን ከፈትሁ፤ ያን ጊዜ ዲስኩ ላይ መጻፍ አይቻልም። ከዚያ ፋይል በፋይል ሳይሆን ዲስኩን እንዳለ ገለበጥሁ። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ሲል እሺ እንዳትሉ! እኔ በተማሪነቴ እሺ ብዬ የአንድ ወር ሥራ አጥፍቻለሁ።

ሁለቱ ተነበቡ፣ አንዱ በከፊል፤ አራተኛው እምቢ አለ። ደስ ብሎኝ ፋይሉን ብከፍተው ገጹ ሙሉ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ትርምስ! ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ የምንጽፈው በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም እኛ ዘንድ እስኪደርስ ዓመታት ወስዷል። የቀድሞዎቹ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ያውም እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ። ጽሑፉ ቢተርፍም ፎንቱ ከጠፋ አይነበብም። ሶፍትዌሩም አብሮ ይቀመጥ የምለው ለዚህ ነው።

የደረሱልን በከተማው ኮምፒውተር ጽሕፈት የሚሠሩ አንድ ሰው ናቸው፤ የድሮውን ፕሮግራም በሲዲ አስቀምጠውት ኖሯል። ስንጭነው ወንድማችን በገጠር ልምምዳችን ወቅት ቤት ለቤት ዞሮ የጻፈው ሪፖርት ወጣ። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። ያለውን አትሜ ለእናቱ ወሰድሁ፤ የልጅ ልጃቸው አነበበላቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ «የቀረውስ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መምህሮቻችን፣ በየመሳቢያችሁ የተማሪዎቻችሁ የጥናት ዲስኮች እንዳሉ አውቃለሁ። የድሮ የአማርኛ መጻፊያ መጫኛ፣ የአጋፋሪም ይሁን የሌላ፣ ያላችሁ እባካችሁ አትጣሉ። ማንበቢያዋን በቦርሳዬ ይዣት መጥቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ ሻይ ቤቱ በር ላይ ታገኙኛላችሁ።