ለረጅም ጉዞ ስንዘጋጅ
(በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የእርዳታው ሥራ የሚካሄድባቸውን ቦታዎች በዓይናችሁ ለማየት በመነሣታችሁ እጅግ ደስ ብሎናል። ከእናንተ አንዳንዶቹ ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹም ከውጭ አገር ትመጣላችሁ። ከላካችሁልን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጥያቄ ይዘዋል፤ ይኸውም «ሁለት ሳምንት አለን፤ በዚህ ጊዜ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ልታሳዩን ትችላላችሁ ወይ?» የሚል ነው። ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። መልሳችን ባጭሩ «አይቻልም» ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ብለን ብቻ ብናሰናብታችሁ ተገቢ ስለማይሆን ምክንያቱን እንዘረዝራለን፤ በምትኩ የሚሻለውንም መንገድ እናሳያለን።

በመጀመሪያ ካርታውን እንመልከት። ኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አላት። ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ በቀጥታ ቢለካ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ደግሞ ከ1,600 ያልፋል። ነገር ግን አገሩን ትልቅ የሚያደርገው ይህ ቁጥር ብቻ አይደለም። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ የራስ ደጀን ራስ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ካርታ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስለሚሣል ይህን ዳገትና ቁልቁለት ይደብቀዋል።

ለምሳሌ ያህል ወደ ጎጃም የሚሄደውን መንገድ ውሰዱ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ርቀት በካርታ ላይ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ሆኖም መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ መሻገሪያውን አሻሽሎታል፤ ዳገቱን ግን ማንም አልደለደለውም። ከባድ መኪና ከፊት ከቀደመ ከኋላው ያለው ሁሉ በዚያው ዝግታ ይከተላል። እንግዲህ በአገራችን ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ተሳስቷል። ርቀት መለካት ያለበት በቀን ብርሃን ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ነገር የመንገዶቹ አዘረጋግ ነው። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች እንደ ጋሪ መንኰራኩር ዘንግ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደየአቅጣጫው ይዘረጋሉ። ስለዚህ ከጋምቤላ ወደ ድሬዳዋ፣ ወይም ከሞያሌ ወደ መቀሌ የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሐል ተመልሶ እንደ ገና መነሣት ግድ ይሆንበታል። እስቲ አብረን እናስላው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ሞያሌ ከ750 በላይ፣ ወደ ጋምቤላ ከ700 በላይ፣ ወደ ድሬዳዋ ደግሞ 500 ያህል ነው። አራቱንም ደርሶ ለመመለስ ከ5,400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ዳገቱን፣ ከተማውን፣ የከብት መንጋውንና የኬላውን ፍተሻ ጨምረን በሰዓት በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ብንይዝ ከ130 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በቀን ስምንት ሰዓት ብንጓዝ 17 ቀን ማለት ነው። ይህ ሁሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚያልፍ ጊዜ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ለመነጋገር የተመደበ አንድ ቀን እንኳ በውስጡ የለም።

«ታዲያ በማለዳ ተነሥተን እስከ ሌሊት ብንጓዝስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። የችኮላን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ማሰብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚከፍለው ሹፌሩ ነው። እናንተ በኋላ ወንበር ስታንቀላፉ እርሱ መብራት የሌለውን ጋሪ፣ መንገድ ላይ የተኛውን ከብት፣ ተበላሽቶ የቆመውን የጭነት መኪና ያለ ዕረፍት ይጠባበቃል። በአገራችን የቀንና የሌሊት ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለያይ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብርሃን እናገኛለን። ደንባችንም ይህ ነው፤ ጠዋት በ1 ሰዓት መነሣት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ማረፊያ መድረስ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ግን መኪናው ከቆመበት አለመንቀሳቀስ።

ሁለተኛው ከፋይ ተቀባያችን ነው። የገጠር ሰው እንግዳ ይመጣል ከተባለ ያለውን አይሰስትም፤ ከሌለውም ተበድሮ ያቀርባል። ጠዋት ይመጣሉ የተባሉ እንግዶች ሲመሽ ደርሰው፣ ለግማሽ ሰዓት ቆመው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው ቢሄዱ የታረደው በግ ብቻ አይደለም የባከነው። ሥራውን ትቶ ሲጠብቅ የዋለው ሰው ቀን ባክኗል፤ ሊነግረን የፈለገውም ሳይነገር ቀርቷል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ እዚህ ግን የፈሰሰውን የሚለቅመው ሌላ ሰው መሆኑ ያሳዝናል።

ሦስተኛው ነገር ወቅት ነው። ብዙ ሰው የኢትዮጵያ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ ይመስለዋል። ለደጋው ትክክል ነው። በቦረና ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚጠበቅ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደጋው በጭቃ ሲያዝ ቦረና ደረቅ ነው። ስለዚህ ደጋና ቆላን በአንድ ጉዞ የሚያገናኝ ሰው ሁለቱም የሚመቹበትን ጊዜ መፈለግ አለበት፤ ይህም በአብዛኛው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት የሚውሉትን በዓላትም አትርሱ። በገናና በጥምቀት ሰሞን ማረፊያ ቤቶች ይጨናነቃሉ። ታኅሣሥ 19 ደግሞ የድሬዳዋና የሐረር መንገድ በቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚዎች ይሞላል። በየመንደሩ የገበያ ቀን መቼ እንደ ሆነም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ በገበያ ቀን የሚመጣ እንግዳ ባዶ ቤት ያገኛልና።

እነዚህን ሁሉ ካየን በኋላ የምናቀርብላችሁ አሳብ ይህ ነው። አገሩን በሙሉ ማየት ይቅርና አንዱን ወገን በሚገባ እንየው። ዓላማችን ሥራውን ማየትና ሰዎቹን ማዳመጥ ስለ ሆነ ለዚህ የሚስማማው የደቡቡ ዙር ነው። ከአዲስ አበባ በሆሳዕና፣ በሶዶ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጎ ያቤሎ ይደርሳል፤ በዲላ፣ በሐዋሳና በሻሸመኔ በኩልም ይመለሳል። ዙሩ በጠቅላላው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አከፋፈሉም እንደሚከተለው ይሆናል። በ1ኛው ቀን ሆሳዕና እንገባለን፤ 2ኛውን እዚያው እንውላለን። በ3ኛው ቀን ወደ ሶዶ እንሻገራለን፤ 4ኛውን ከወላይታ ገበሬዎች ጋር እናሳልፋለን። በ5ኛው ቀን አርባ ምንጭ እንደርሳለን፤ 6ኛው ቀን ለሁላችንም፣ በተለይም ለሹፌሮቹ፣ ፍጹም ዕረፍት ነው። በ7ኛው ቀን ኮንሶ እናድራለን። የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ ካብ የሠራው እርከን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ አፈር ጥበቃ የሚያስብ ሁሉ ከዚያ ብዙ ይማራል። በ8ኛው ቀን ያቤሎ እንገባለን፤ 9ኛውንና 10ኛውን ከቦረና አርብቶ አደሮች ጋር እንሆናለን። በ11ኛው ቀን ሐዋሳ፣ በ12ኛው ቀን አዲስ አበባ እንገኛለን። ሁለት ቀን ይተርፋል። ይህ ትርፍ ግን ሌላ ከተማ ለመጨመር አይደለም፤ ወንዝ ሲሞላ፣ ሰው ሲታመም፣ መኪና ሲበላሽ ወይም በደረስንበት መንደር ለቅሶ ሲያጋጥመን የምንጠቀምበት ነው።

ለቦረና ሁለት ሙሉ ቀን የመደብነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በዚያ አገር አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ ከብቱም በብዛት አለቀ። ለቦረና ሰው ከብት ምግቡም፣ ጥሪቱም፣ ክብሩም ነው። መንጋዋ ያለቀባት እናት የደረሰባትን ለማታውቀው እንግዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ አትዘረግፍም። በመጀመሪያው ቀን ሰላምታ ትሰጣለች፤ ምናልባት በሁለተኛው ቀን ትናገራለች። ከጥልቁ ኤላ ውኃ ሲቀዳ፣ ሰዎቹ ተሰልፈው በዜማ ባልዲ ሲቀባበሉ ለማየት የሚፈልግም ሰው ከብቱ ጠጥቶ እስኪጠግብ ዳር ይዞ መቆየት አለበት። እዚህ ቦታ ቸኩሎ የሚያልፍ ደረቁን መሬት አይቶ ይመለሳል እንጂ ሕዝቡን አላየም።

ዙሩን በዚህ አቅጣጫ ያደረግነውም አስበንበት ነው። ጉልበታችን ገና ሳለ በሆሳዕናና በሶዶ ያለውን ደጋ እናልፋለን፤ ስንመለስ ደክመን ስለምንሆን ዋናውን የሐዋሳ መንገድ እንይዛለን። በዚህ ላይ ማቋረጫ አለው። አንድ ነገር ቢያጋጥም ከሶዶ በአላባ በኩል ሻሸመኔ መውጣት ይቻላል። መውጫ የሌለው መንገድ ምንም ያህል ቢያምር ብዙ ሰው ይዞ አይገባበትም።

ስለ ደኅንነት ግልጽ ሆነን እንነጋገር። አምና ክፍት የነበረ መንገድ ዘንድሮ ሊዘጋ እንደሚችል ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የተካሄደው ጦርነት አስተምሮናል። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ብቻ ሳይሆን በየማለዳው ወደፊት ስላለው መንገድ የአካባቢውን ሰዎችና ባለ ሥልጣኖች እንጠይቃለን። የጉዞው መሪ «ከዚህ እንመለስ» ካለ ክርክር የለም። ይህን ከአሁኑ ያልተቀበለ ሰው ከእኛ ጋር ባይነሣ ይሻላል።

ጤናም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ከውጭ የሚመጡ ወገኖች አንድ ሁለት ቀን አርፈው ቢነሡ መልካም ነው። አርባ ምንጭን የመሳሰሉት ቆላዎች ወባ አለባቸው። አንዳንዱ የወባ መከላከያ መድኃኒት ጉዞው ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት የሚጀመር ስለ ሆነ ሐኪማችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። በመኪናው በኩል ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ጀሪካን ውኃና ነዳጅ እንይዛለን፤ ማደያ ባገኘንበት ሁሉም እንሞላለን። ሻንጣችሁ አንድ ይሁን። ከሁለት መኪና በላይ ይዘን መሄድም አንፈልግም፤ ብዙ ሰው በሆንን ቁጥር ሰዓቱ ይረዝማል፤ በትንሽ መንደርም እንግድነታችን ሸክም ይሆናል።

ዘንድሮ ሰሜኑን፣ ጋምቤላንና ድሬዳዋን ሳታዩ በመቅረታችሁ አትዘኑ። እነርሱ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆዩናል፤ ለእያንዳንዳቸውም እንዲሁ ተገቢውን ቀን እንቆርጥላቸዋለን። አሁን ከእናንተ የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው። በጉዞው ከሁሉ በላይ ማየት የምትፈልጉትን አንድ ነገር፣ በእውነት የምትሰጡትን የቀን ብዛት፣ የጤናችሁንም ሁኔታ ጽፋችሁ ላኩልን። መንገዱን በዚያ መሠረት እናስተካክለዋለን። ጌታ መንገዳችንን የሰላም ያድርግልን።