ጥርኝና ሽቶ

እሷ፦ ውድ ሽቶ የሚቀባ ሰው ጥርኝ ትዝ ይለዋል?

እሱ፦ ማን ያስታውሳት! ለዓለም ገበያ ዝባድ፣ ማለትም ለሽቶ የሚውለውን የጥርኝ ቅባት፣ በማቅረብ ለዘመናት የታወቀችው ግን አገራችን ናት፤ ጅማንና ኢሉባቦርን ጠይቂ። ወንዱ ጥርኝ ጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ይታሰራል። በየአሥር ቀኑ ገደማ ከጭራው ሥር ካለው ዕጢ ቅባቱ ተጠርጎ በበሬ ቀንድ ውስጥ ይጠራቀማል።

እሷ፦ ጠረጋው ያማል፤ እሱን አንሸፋፍነው። ደግሞም ጥርኝ እንደ ዶሮ አይራባም፣ እየታደነ የሚመጣው ከጫካ ነው።

እሱ፦ ለዚህ እኮ ነው ሽቶ አምራቹ ሻኔል በአውሮፓውያኑ 1998 በታወቀው «ቁጥር 5» ሽቶው ውስጥ የተፈጥሮውን ዝባድ በሰው ሠራሽ የተካው።

እሷ፦ እሺ፣ ኩባንያው ከነገሩ ወጣ። ገበሬውስ? ሰፊ ጎጆ መሥራት፣ እንስሳውን ሳያሳምሙ መያዝ ወጪ አለው። ነጋዴው ዝባዱን ይመዝናል እንጂ ጎጆውን መቼ አይቶ ያውቃል! ዋጋው ላይ አያያዙ ቢታሰብ ኖሮ ገበሬው ራሱ ይለውጠው ነበር።

እሱ፦ እዚህ ላይ እንለያያለን። የዱር አውሬ ጎጆው ቢሰፋለትም እስረኛ ነው። ገበሬው እዚያው ጫካ ውስጥ ማርም ቡናም አለው።

እሷ፦ ማሩንስ ነጋዴዎቹ በስንት ሊገዙት ነው? ቆይ፣ የዜና ሰዓት ደርሷል፤ ከዜናው በኋላ ትመልስልኛለህ።