ዕጣና ቁማር፦ በእጅ ስልክ የሚገባው ካሲኖ ሊፈቀድ ይገባልን?

በሙያ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በነቀምቴ ከተማ የተደረገ ንግግር





የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ በኢንተርኔት የሚካሄድ የካሲኖ ቁማር በሀገራችን በሕግ ሊፈቀድ ይገባ እንደ ሆነ እንድናገር በጋበዘኝ ጊዜ፣ ነገሩ የሕግ ዐዋቂዎችና የሃይማኖት አባቶች እንጂ የሒሳብ ሰዎች ጉዳይ አይደለም በማለት አመንትቼ ነበር። ይሁንና ባለፉት ዓመታት በእጄ ያለፉትን የምርመራ መዛግብት መልሼ ባገላበጥኋቸው ጊዜ፣ ጥያቄው ከማንም አስቀድሞ የእኛ እንደ ሆነ ተረዳሁ። ቁማር ቤተ ሰብን ከማፍረሱና ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት የሚታየው በካዝና ቆጠራ ላይ ነውና።

ለአብነት አንድ ጉዳይ ላንሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ የወለጋ ከተማ መሥሪያ ቤት ድንገተኛ የገንዘብ ቆጠራ እንዳደርግ ታዘዝሁ። ገንዘብ ያዡ በጠባዩ የተመሰገነ፣ ሰዓት አክባሪና መጠጥ የማይቀምስ ወጣት ነበር። ቆጠራው ሲያበቃ የ8 ወር ደመወዙን የሚያህል ጉድለት ተገኘ። ወጣቱ አልካደም። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያለፉትን ወራት የገንዘብ ዝውውር ዝርዝር አሳየኝ። 20 ብር፣ 50 ብር፣ 100 ብር፣ እንደገና 20 ብር፤ አብዛኛውም ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የተላከ ነበር። በመጀመሪያ ከካዝናው 300 ብር ወስዶ፣ ሌሊቱን አሸንፎ፣ ጠዋት ገንዘቡን ወደ ቦታው መልሶ ኖሯል። «የጎዳኝ ያ ሌሊት ነው» አለኝ። «ያን ጊዜ ተበልቼ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ አልነካውም ነበር።» ጉድለቱን አባቱ ከቡና ሽያጩ ከፈሉ፤ ልጁም ከሥራ ተሰናበተ። እኔ በሪፖርቴ ላይ ያሰፈርሁት «የገንዘብ ጉድለት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር። ዛሬ በእነዚያ ሁለት ቃላት ውስጥ ምን እንዳለ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ የሕጉን ሁኔታ እንመልከት። ያለ ፈቃድ ቁማር ማጫወት በሀገራችን የተከለከለ ሲሆን፣ መንግሥት ግን ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ ሎተሪ አማካይነት የዕድል ጨዋታን ራሱ ሲያካሂድ ቆይቷል። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ፣ የገና ስጦታ ሎተሪና ቶምቦላ ለሁላችንም እንግዳ አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 535/1999 እንደገና የተቋቋመው የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ደግሞ፣ ሎተሪ እንዲያካሂድ ብቻ ሳይሆን ለሌሎችም ፈቃድ እንዲሰጥ ሥልጣን ተሰጠው። በዚሁ በር የስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ገቡ፤ በተለይም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ከአዲስ አበባ አልፈው በክፍለ ሀገር ከተሞች ተስፋፉ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ደግሞ፣ ለመወራረድ ከቤት መውጣት እንኳ አስፈላጊ ሳይሆን ቀረ።

እንግዲህ ሎተሪን የፈቀደ፣ የኳስ ውርርድን የፈቀደ መንግሥት፣ ካሲኖን በኢንተርኔት ቢፈቅድ ምን አዲስ ነገር ይመጣል? ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ግን በጨዋታዎቹ ስም ሳይሆን በፍጥነታቸው ነው።

የሎተሪ ትኬት የገዛ ሰው ዕጣው እስኪወጣ ቀናትን፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታትን ይጠብቃል። ኳስ የተወራረደ ሰው ቢያንስ ጨዋታው እስኪያልቅ 90 ደቂቃ ይታገሣል። በስልክ የሚገባው ካሲኖ ግን መጠበቅን አያውቅም። ወጣቶቻችን «አቪዬተር» የሚሉትን የአውሮፕላን ጨዋታ ለምሳሌ እንውሰድ። አውሮፕላኗ ትነሣለች፤ የሚባዛውም ቁጥር ከእርሷ ጋር ያድጋል፤ ተጫዋቹ ሳትሰወር ገንዘቡን ካላወጣ የመደበውን ያጣል። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም። የጨዋታው አዘጋጅ ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከተመደበው ከእያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ 97 ብር ለተጫዋቾች ይመለሳል። ይህን የሰማ ሰው «3 ብር ብቻ!» ብሎ ሊደነቅ ይችላል።

እኛ የሒሳብ ሰዎች ግን ማባዛት እናውቃለን። ተጫዋቹ የተመለሰለትን ሁሉ መልሶ ቢመድብ፣ በአማካይ ከ100 ብሩ ከ10 ዙር በኋላ 74 ብር ያህል ይቀረዋል፤ ከ50 ዙር በኋላ 22 ብር ገደማ፤ ከ100 ዙር በኋላ ከ5 ብር ያነሰ። 100 ዙር ደግሞ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ነው። አንዱ ተጫዋች ብዙ ሊያሸንፍ ይችላል፤ አማካዩ ግን ይኸው ነው። የዚያ ወጣት ዝርዝር ለምን 20 እና 50 ብር እየተባለ እንደ ተሞላ አሁን ይገባናል። ያጠፋው የአንዱ ዙር ኪሳራ አልነበረም፤ የዙሩ ብዛት እንጂ።

በዚህ ላይ «ሕዝባችን ዕጣን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ቁማርም ከዕጣ የተለየ አይደለም» የሚል ሐሳብ ሲነሣ እሰማለሁ። ይህ አነጋገር ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ያደባልቃል። በየከተማችን ነጋዴው፣ መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው የሚሰበሰብበት እቁብ በዕጣ ይወጣል። ነገር ግን በእቁብ ዕጣ የሚወስነው ተራን ነው፤ ማን ቀድሞ፣ ማን ዘግይቶ እንደሚወስድ። ዕጣ የወጣለትም ሆነ የመጨረሻው ሰው የከፈለውን ያህል ይቀበላል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ። በቁማር ግን ዕጣ የሚወስነው የአንዱ ገንዘብ ወደ ሌላው መሻገሩን ነው፤ ዳኛውም ጸሐፊውም አጫዋቹ ራሱ ነው። ስለሆነም እቁብን ለቁማር ምስክር አድርጎ ማቅረብ፣ ጎተራን ለእሳት ምስክር እንደ ማድረግ ነው።

አሁን የፈቃድ ደጋፊዎች የሚያቀርቧቸውን ምክንያቶች በቅን ልቡና እንመርምር።

የመጀመሪያው የግብር ምክንያት ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ተጥሎ ነበር፤ ከ1,000 ብር ያልበለጠ ሽልማት ግን ከግብሩ ነጻ ተደርጎ ነበር። የሎተሪ ሽልማትን በማሰብ ለተደነገገ ሕግ ይህ ደንብ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሌሊቱን በ20 እና በ50 ብር ለሚመላለስ ጨዋታ፣ አብዛኛው ሽልማት ከወለሉ በታች ይወድቃል። ከአጫዋቹ ድርጅት የሚሰበሰበው ግብርም ቢሆን ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ አለብን። ቡና ገዝቶ የሚያጥብ፣ የሚቆላና የሚሸጥ ነጋዴ ግብር ሲከፍል፣ ከግብሩ በፊት የተፈጠረ ሀብት አለ። ከቁማር በሚከፈለው ግብር ፊት ያለው ግን የሌላ ሰው ጉድለት ነው።

ሁለተኛው የሌሎች ሀገሮች ምሳሌ ነው። በአሜሪካ የኔቫዳ ክፍለ ግዛት የካሲኖ ቁማርን እ.ኤ.አ. በ1931 ፈቅዶ፣ ላስ ቬጋስ የምትባለውን ከተማ በዚሁ ሀብት አሳድጓል። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን፣ ይህ የካሲኖ ወዳጅ የሆነ ግዛት እንኳ በኢንተርኔት የፈቀደው የስፖርት ውርርድንና ፖከር የተባለውን የካርታ ጨዋታ ሲሆን፣ የካሲኖ ማሽኖችን በየሰው ስልክ እንዲገቡ አለመፍቀዱን ነው። የኒው ጀርሲ ግዛት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ ፈቅዷል። ኔቫዳ የኖረው ከሌላ ቦታ በሚመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳው ለመኝታው ይከፍላል፣ ለምግቡ ይከፍላል፣ ተበልቶም ወደ ሀገሩ ይመለሳል። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ በስልኩ የሚጫወተው ሰው እንግዳ አይደለም። ገንዘቡ ከከተማችን ይወጣል፤ ዕዳው ግን ከእኛ ጋር ያድራል።

ከጎረቤታችን ከኬንያም የምንማረው አለ። በዚያች ሀገር ውርርድ ከእጅ ስልክ ገንዘብ ጋር ተጣምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት የታላላቆቹን ድርጅቶች ፈቃድ ለማደስ እምቢ እስከ ማለት ደረሰ። ኖርዌይ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2007 የቁማር ማሽኖችን ከየሱቁ አስወጥታ፣ በኋላ የተተኩትን በመንግሥት እጅ አድርጋ የኪሳራ ጣሪያ አበጀችላቸው። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2025 በገንዘብ የሚካሄዱ የኢንተርኔት ጨዋታዎችን በሕግ ከልክላለች። አስቀድሞ ፈቅዶ በኋላ ለመመለስ መታገል ከባድ መሆኑን እነዚህ ምሳሌዎች ያስረዳሉ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የጠነከረው ምክንያት «ብትፈቅዱም ባትፈቅዱም ይጫወታሉ፤ ስለዚህ ፈቅዶ መቆጣጠር ይሻላል» የሚለው ነው። በእርግጥም በር ማሸግ ብቻውን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የስፖርት ውርርድ ቤቶች ሲዘጉ፣ የታሸገው የቤቱ በር እንጂ በኪስ ያለው በር አልነበረም። ስልክን መዝጋትም መፍትሔ አይሆንም። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ ነጋዴው፣ ተማሪውና በሽተኛው ምን ያህል እንደ ተጎዱ የምናውቅ እኛ፣ ያን የመሰለ መድኃኒት ለማንም አንመኝም።

ነገር ግን ስልክን ሳይዘጉ ገንዘቡ የሚያልፍበትን በር መጠበቅ ይቻላል። በዚህ ረገድ ሀገራችን ከብዙ ሀገሮች የተለየ ሁኔታ አላት። ብራችን በውጭ ሀገር እንደ ልብ የሚመነዘር ገንዘብ አይደለም። የውጭ ካሲኖ ከእኛ ወጣት ብር ለመሰብሰብ የሀገር ውስጥ ባንክ፣ የስልክ ገንዘብ ሒሳብ ወይም ደላላ ያስፈልገዋል። ስለሆነም «መከልከል አይቻልም» የሚለው አነጋገር በሌላ ሀገር እውነት ቢሆን እንኳ፣ በእኛ ዘንድ ግማሽ እውነት ነው። ደላላው በስውር ይሠራል፤ ሆኖም በየሌሊቱ ከመቶ ሰዎች 20 እና 50 ብር የሚቀበል የግል ሒሳብ፣ መዝገቡን ለሚያነብ ሰው ራሱን ያጋልጣል።

ክቡራን አባላት፣

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ሐሳቤን በግልጽ አቀርባለሁ። በኢንተርኔት የሚካሄድ የካሲኖ ቁማር በሀገራችን ሊፈቀድ አይገባም። በስፖርት ውርርድ ፈቃድ ሥር ተጠልለው የገቡ ፈጣን ጨዋታዎችም ከኳስ ውርርድ ተለይተው ሊታዩ ይገባል፤ የኳስ ፈቃድ የካሲኖ ፈቃድ አይደለምና። የተፈቀደው ውርርድ ቢሆን፣ አንድ ሰው በቀንና በወር ሊያጣ የሚችለው ገንዘብ ጣሪያ ይበጅለት፤ በሌሊትም ገንዘብ መቀበል ይቁም። ከዚህም በላይ፣ ትኬት የሚሸጥና ፈቃድ የሚሰጥ እጅ አንድ ባይሆን ይመረጣል። ገንዘብ ያዡና መዝገብ ያዡ አንድ ሰው እንዳይሆኑ ለትንሹ መሥሪያ ቤት የምንመክር ሰዎች፣ ለትልቁ ተቋም ይህንኑ ብንመክር ከሙያችን አልወጣንም።

የቀረው የራሳችን ድርሻ ነው። ድንገተኛ ቆጠራ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ይደረግ። ቀድሞ የተመለሰ ትንሽ ጉድለት «ተስተካክሏል» ተብሎ አይታለፍ፤ ከላይ የጠቀስሁት ወጣት የጠፋው በመጀመሪያው 300 ብር መመለስ ነውና። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የቁጠባና ብድር ማኅበራትም፣ ዕዳ የተደራረበበት አባል ሲያዩ ብድሩን ከመከልከላቸው በፊት ጠርተው ይጠይቁት። ካዝና ከመጉደሉ በፊት አንድ ጥያቄ ቢደርስ፣ አንድን ልጅ ከውርደት፣ አንድን አባትም ቡናቸውን ለዕዳ ከመሸጥ ሊያድን ይችላል።

አባቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ። በወለጋ ከተሞች የብብታችን ሀብት ቡናው፣ እቁቡና የልጆቻችን ታማኝነት ነው። እኔ በዚያች ሪፖርት ላይ ሁለት ቃላት ብቻ ጽፌ ፈርሜ ነበር። ዛሬ በእናንተ ፊት የቀረውን ጨምሬአለሁ፤ ከእንግዲህም ስፈርም ቃላቱ ሁለት ብቻ አይሆኑም።