የፖሊስ ባልደረባ መብትና ወሰኑ
(በሐሙሲት ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህች በሐሙሲት ከተማ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ «የፖሊስ ባልደረባ የፖለቲካና የመደራጀት መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው?» የሚል ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ስለ ፖሊስ መብት የሚጨነቅ ተማሪ ደግሞ ከወዴት መጣ?» ትሉ ይሆናል። በአገራችን ታሪክ ተማሪና ፖሊስ ብዙ ጊዜ የተገናኙት በሰልፍ ላይ ስለ ሆነ መደነቃችሁ አያስገርምም። ነገር ግን የራሱን መብት የተነፈገ ሰው የሌላውን መብት በሚገባ ሊጠብቅ ይችላልን? የንግግሬ መነሻ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ የሚለውን እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ዓላማ የመደራጀት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ፖሊስንም ለይቶ አያስወጣም። በአንቀጽ 38 መሠረት ፖሊሱ እንደ ማንኛውም ዜጋ ድምፁን ይሰጣል። ወደ ሥራ መብት ስንመጣ ግን በሩ ይጠባል። አንቀጽ 42 በሠራተኛ ማኅበር መደራጀትን ለመንግሥት ሠራተኞች የሚፈቅደው የሥራቸው ጠባይ ለሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ላሉት ብቻ ሲሆን፣ እነማን እንደ ሆኑ ሌላ ሕግ ይወስናል ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የጦር ሠራዊትንና የፖሊስ ባልደረቦችን፣ ዳኞችንና ዐቃብያነ ሕግን ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፖሊስ ለምርጫ ዕጩ ሆኖ ለመቅረብ ቢፈልግ አስቀድሞ ሥራውን እንዲለቅ ያዝዛል።

እንዲህ ያለው ገደብ በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 በአንቀጽ 9 ስምምነቱ ለጦር ሠራዊትና ለፖሊስ የሚሠራበትን መጠን እያንዳንዱ አገር በሕጉ እንዲወስን ይተዋል። በ1985 ዓ.ም. የተቀበልነው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 22 ላይ ተመሳሳይ ፈቃድ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ልብ በሉ፤ ሁለቱም «መጠኑን ወስኑ»፣ «ሕጋዊ ገደብ አድርጉ» አሉ እንጂ «መብቱን ፈጽማችሁ ንሡ» አላሉም። መገደብና መንፈግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው፤ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለውብናል። አንደኛው የፓርቲ ፖለቲካ ነው። ሁለተኛው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ሹመትና ስለ ዝውውር በአንድነት መናገር ነው። የመጀመሪያውን መከልከል ተገቢ ነው። በሐሙሲት ገበያ ጸጥታ የሚያስከብር ፖሊስ በደረት ኪሱ የአንድ ፓርቲ መታወቂያ ቢይዝ፣ የሌላው ፓርቲ ደጋፊ ሲሰረቅ ወይም ሲደበደብ ወደ ማን ይጮኻል? ሁለተኛውን መከልከል ግን ከመጠን ያለፈ ነው። ይኸው ፖሊስ ማታ ወደ ዕድሩ ሄዶ ከገበሬውና ከነጋዴው ጋር ተቀምጦ ይመክራል፤ ዕቁብ ይጥላል፤ ማኅበር ይጠጣል። በዕድር ሊመክር የታመነ ሰው ስለ ገዛ ኑሮው ከባልደረቦቹ ጋር በይፋ ሊመክር የማይታመንበት ምክንያት ምንድን ነው?

«መሣሪያ የያዘ ሰው ከተደራጀ አገር ይናወጣል» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ታሪካችን የሚያስተምረን አገር የተናወጠው በይፋ በተደራጁት ሳይሆን በስውር በመከሩት መሆኑን ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ውስጥ የፖሊስ ሠራዊት አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ነበሩበት፤ ሕይወታቸውም በዚያው አለፈ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ወታደሮች ያመፁት ስለ ምግብና ስለ ውሃ ነበር። ብሶታቸውን የሚያቀርቡበት ሕጋዊ በር ስላልነበረ ሊያነጋግራቸው የተላከውን አዛዥ ያዙት። ያንኑ ዓመት ሰኔ 21 ቀን የተቋቋመው አካል ስሙ ምን ነበር? የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ! ስለ ደመወዝ ማኅበር እንዳይኖረው የተከለከለው ፖሊስ፣ እነሆ አገር የሚገዛ ኮሚቴ አባል ሆነ። በቅርቡም መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ወታደሮች መሣሪያቸውን እንደ ያዙ የደመወዝ ጥያቄ አለን ብለው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት መሄዳቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ የካምፕ ብሶት ግን ዝም ባሰኙት ቁጥር ይነቅዛል።

ሌሎች አገሮች ይህንን ችግር እንዴት ፈቱት? በእንግሊዝ አገር ፖሊሶች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1918 እና በ1919 የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። መንግሥትም በ1919 ባወጣው ሕግ የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆንን ከለከለ፤ ነገር ግን በዚያው ሕግ የፖሊስ ፌዴሬሽን የሚባል፣ ባልደረቦቹ ወኪሎቻቸውን የሚመርጡበት አካል አቋቋመላቸው። አንዱን በር ሲዘጋ ሌላውን ከፈተ ማለት ነው። በደቡብ አፍሪካም የፖሊስ ባልደረቦች የራሳቸው ማኅበር ሲኖራቸው፣ ለፓርቲ በይፋ መደገፍና በፓርቲ ውስጥ ሹመት መያዝ ግን ተከልክሏል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የሀንጋሪ ነገር ነው። ያች አገር በ1994 ፖሊስ የፓርቲ አባል እንዳይሆን በሕገ መንግሥቷ ከለከለች። ላዝሎ ሬክቬኒ የተባለ ፖሊስ እስከ ስትራስቡርጉ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገተ፤ ፍርድ ቤቱም በ1999 ገደቡ ተገቢ ነው ብሎ ፈረደበት። ይህ ሰው ማን ነበር? የነፃ ፖሊሶች ሠራተኛ ማኅበር ዋና ጸሐፊ! ፓርቲ ተከለከለ፤ ማኅበሩ ግን በሕግ ቆሞ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ጓደኞቼ፤ ሦስት ነገሮችን ለውይይት አቀርባለሁ።

1ኛ/ የፓርቲ ክልከላው ለሁሉም እኩል ይሁን። ፖሊስ በተቃዋሚ ፓርቲ ስብሰባ ላይ ሲገኝ ወንጀል፣ በገዥው ፓርቲ ስብሰባ ላይ ሲያጨበጭብ ግዳጅ ከሆነ፣ ሕጉ ለአንዱ ልጅ ለሌላው የእንጀራ ልጅ አለው ማለት ነው። ወገንተኛ አትሁን የተባለ ፖሊስ ሥልጣን ለያዘውም ወገንተኛ አይሁን።

2ኛ/ የፖሊስ ባልደረቦች ከየማዕረጉ ወኪሎቻቸውን የሚመርጡበት፣ የሥራ ማቆም አድማ የማያደርግ፣ ከማንኛውም ፓርቲ ጋር ያልተያያዘ ምክር ቤት በአዋጅ ይቋቋምላቸው። የፌዴራሉ ብቻ ሳይሆን፣ ክልሎች በአንቀጽ 52 መሠረት የሚያቋቁሙት ፖሊስም ይህ አይቅርበት።

3ኛ/ የተከለከለውና የተፈቀደው ተለይቶ በግልጽ አማርኛ ይጻፍ። በየወረዳው ጣቢያ ያለው ኮንስታብል የሚከለከለውን አለቃው ሲቆጣ ሳይሆን ከሕጉ አንብቦ ይወቅ።

እኛ ተማሪዎች ስለ መደራጀት መብት ስንናገር ስለ ራሳችን ማኅበር ብቻ የምናስብ ከሆነ የምንናገረው ስለ መብት ሳይሆን ስለ ጥቅም ነው። በሰልፍ ላይ ከፊታችን ዱላ ይዞ የሚቆመው ሰውም ደመወዙ ከወር እስከ ወር የማያደርሰው የድኃ ልጅ ነው። ለእርሱ የማንመኘውን ነፃነት እርሱ ለእኛ እንዲጠብቅልን ልንጠይቀው አንችልም።

 የሚቃወመኝ ካለ መድረኩ የእርሱ ነው።