የአደን ሕግና ሽጉጥ
ለጁባ ከተማ ነዋሪዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር



የአደን ሕግ ሲባል ብዙ ሰው ሦስት ጥያቄ ብቻ ያለበት ይመስለዋል። ይኸውም የትኛው እንስሳ፥ በየትኛው ወራት፥ በየትኛው ሥፍራ ይታደናል የሚለው ነው። በምን መሣሪያ የሚለው አራተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዛሬው ንግግር በዚሁ በአራተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ ከመሣሪያዎችም መካከል በወገብ የሚታጠቀውን፥ በካፖርት ሥር የሚደበቀውን ሽጉጥ ይመለከታል። በንግግሩ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ ለጁባ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከዓባይ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያሉት የባዲንጊሎና የቦማ ብሔራዊ ፓርኮች በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የሌለው የዱር እንስሳት ጉዞ የሚታይባቸው ሜዳዎች ናቸው። በ2023 በአውሮፕላን የተደረገው ቈጠራ ውጤት በሰኔ ወር 2024 እዚሁ በጁባ ሲገለጽ፥ የሚጓዘው መንጋ 6 ሚሊዮን ያህል እንደሚደርስ ታወቀ። ከዚህ ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህሉ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው፤ የሞንጋላ ሜዳ ፍየል 350,000፥ ቲያንግ የሚባለው 300,000፥ ቦሆር ደግሞ 160,000 ያህል ሆነው ተገምተዋል። ከ1983 እስከ 2005 በተደረገው ጦርነት፥ ኋላም በ2013 በተነሣው፥ አገሩ ሁሉ በጥይት ሲታመስ ይህን ያህል እንስሳ መትረፉ የሚያስገርም ነው። ይሁን እንጂ ያው ቈጠራ ሌላ ነገርም አሳይቷል። በሩቅ የማይጓዙት ዝሆን፥ ቀጭኔ፥ ጎሽና የሜዳ አህያ በ1980ዎቹ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ አሽቈልቍለዋል። መንጋው ብዙ ነው ብሎ መዘናጋት እንደማይገባ ከዝሆኑ ዕጣ መረዳት ይቻላል።

መንግሥታት ስለ አፍሪካ አውሬዎች አደን ለመጀመሪያ ጊዜ በለንደን የተስማሙት በ1900 ነበር። በ1933 በዚያው ከተማ የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት መሣሪያንና ዘዴን በዝርዝር አነሣ። በአውቶሞቢልና በአውሮፕላን ማሳደድን፥ በእሳት መክበብን፥ መርዝን፥ ፈንጂን፥ ዓይን የሚያጭበረብር መብራትን፥ መረብን፥ ጉድጓድንና ወጥመድን ነቀፈ። የሱዳን መንግሥት በ1935 ባወጣው የዱር እንስሳት መጠበቂያ ሕግ ሥር የደቡቡ አገር አደን ሲተዳደር ኖረ። የአፍሪካ መንግሥታትም ራሳቸው በመስከረም 1968 በአልጀርስ ከተማ ተሰብስበው የተፈጥሮ ጥበቃ ስምምነት ሲፈርሙ፥ ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ ከአንድ በላይ ጥይት የሚተፋ መሣሪያ ለአደን እንዳይውል በተቻለ መጠን ይከልከል አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጠቢብ ነኝ ባይ ሊከራከር ይችላል። ሽጉጥ ቃታው በተሳበ ቍጥር የሚተኵሰው አንድ ጥይት ነውና፥ የአልጀርሱ ስምምነት አይነካኝም ይላል። በቃሉ ከሄድን እውነት አለው፤ ያ አንቀጽ የተጻፈው መንጋን በአንድ ጊዜ የሚያጭደውን መሣሪያ በማሰብ ነው። ሽጉጥ በብዙ አገር ሕግ የተገደበው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ብዙ ስለሚገድል አይደለም፤ አጣርቶ ስለማይገድል ነው።

የጥይት ጉልበት የሚለካው ጁል በሚባል መለኪያ ነው። መኰንኖች የሚታጠቁት የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ 500 ጁል ያህል ጉልበት አለው። የክላሽኒኮቭ 2,000፥ የድሮው የእንግሊዝ ወታደር ጠመንጃ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ከጉልበቱም ይልቅ የማነጣጠሪያው ነገር ይብሳል። በሽጉጥ ላይ በኋለኛውና በፊተኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም። ስለዚህ እጅ አንዲት ሚሊ ሜትር ብታዛንፍ፥ በ50 ሜትር ላይ ጥይቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይስታል። በረጅም ጠመንጃ ግን ያችው ስሕተት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምታስተው። የቆርኬ የልብና የሳንባ ሥፍራ ደግሞ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይሰፋም። እንግዲህ በሽጉጥ የተመታው እንስሳ ሆዱን ወይም እግሩን ተመትቶ ወደ ረጅሙ ሣር ይገባል። ተኳሹ ሳትሁት ብሎ ወደ ሌላው ያነጣጥራል፤ የመጀመሪያው በሦስተኛው ቀን የጅብ ራት ይሆናል። በፈቃዱ ወረቀት ላይ የሚመዘገበው አንድ እንስሳ ነው፤ በሜዳው ላይ የጠፋው ግን ሁለት ወይም ሦስት ነው። ሕግ አውጪዎችን ያሳሰባቸው ይህ የማይቈጠረው ሞት ነው።

የጀርመን ፌዴራል የአደን ሕግ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። በሽጉጥ ወደ ዱር እንስሳ መተኰስ ክልክል መሆኑን ይደነግጋል። በጉድጓድና በወጥመድ ከሚደረግ አደን በቀር የፈቀደው አንድ ነገር ነው፤ ቀድሞ የቆሰለውን እንስሳ ከሥቃይ ለማሳረፍ የሚተኰሰውን የመጨረሻ ጥይት። ለዚያም ጥይቱ ቢያንስ 200 ጁል ጉልበት ሊኖረው ይገባል ይላል። ለትልልቆቹ ባለ ሰኮና እንስሳት የሚተኰስ የጠመንጃ ጥይት ግን በ100 ሜትር ላይ 2,000 ጁል ሊሆን ይገባል። በዚህ ሚዛን ከተሄደ ክላሽኒኮቭ ራሱ በ100 ሜትር ላይ ወደ 1,500 ጁል ስለሚወርድ ለትልቅ እንስሳ አይበቃም። ይህን መናገር በክላሽኒኮቭ ሥጋ በሚፈለግበት አገር ቀልድ ይመስል ይሆናል፤ ቢሆንም ቍጥሩ ያው ነው።

እንግሊዞችም በ1996 በደንብሌን ትምህርት ቤት ሕፃናት በሽጉጥ ከተገደሉ በኋላ፥ በ1997 ሽጉጥን ከሕዝብ እጅ ሲያስወጡ፥ እንስሳን ከሥቃይ ለማሳረፊያ የሚሆነውን በልዩ ፈቃድ ተዉት። የአሜሪካ ልማድ ከዚህ ይለያል። በዚያ በ1955 ባለ ብዙ ጉልበት የሆነው የ.44 ማግነም ሽጉጥ ከወጣ ወዲህ በሽጉጥ ማደን የሚወድድ ሰው በዝቷል። ያም ሆኖ ልቅ አይደለም፤ ለምሳሌ የኦሃዮ ክፍለ ሀገር አጋዘን በሽጉጥ የሚያድን ሰው የሽጉጡ አፈሙዝ ከ5 ኢንች፥ የጥይቱም ስፋት ከ.357 እንዳያንስ ያዝዛል። የኪስ ሽጉጥ በዚያም አገር የአደን መሣሪያ አይደለም ማለት ነው።

የጥንት አዳኞችን ታሪክ የሰሙ ሰዎች በትንሽ ጥይት ዝሆን የጣለ ፈረንጅ ነበር እያሉ ይከራከራሉ። እውነት ነው፤ ያውም በዚሁ በጁባ አጠገብ። ከከተማው በስተ ሰሜን በዓባይ ምዕራብ ዳር ያለው ላዶ፥ የቤልጂጉ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ በታኅሣሥ 1909 ከሞተ በኋላ፥ በሰኔ 1910 ለሱዳን እስኪመለስ ድረስ ባለቤት እንደሌለው አገር ሆኖ ነበር። የዝሆን ጥርስ ፈላጊዎች ከየአቅጣጫው ጐረፉበት። በላዶ ካደኑት አንዱ ቤል የተባለው እስኮትላንዳዊ ነው፤ በዕድሜው ከ1,000 በላይ ዝሆኖችን፥ ብዙዎቹንም በ7 ሚሊ ሜትር ጥይት እንደ ገደለ ይታወቃል። ነገር ግን የያዘው ረጅም ጠመንጃ ነበር፤ ጥይቱም ከዛሬው የመኰንን ሽጉጥ ከአምስት እጥፍ በላይ ጉልበት ነበረው። የላዶ ታሪክ የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው፤ ሕግ ለስድስት ወር ሲታጣ የሚሆነውን።

ወደ ዛሬው ጁባ እንመለስ። የ2003 የዱር እንስሳት ጥበቃና የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ወንጀል አድርጎታል። የ2011 ሕግ የዱር እንስሳት አገልግሎትን መለዮ ለባሽና ታጣቂ ዘብ አድርጎ አቋቋመ። የ2016 ሕግ ደግሞ የጦር መሣሪያ መያዝን በፈቃድ አደረገ። ከእነዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው ያደናግረዋል። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ አንድ ወረቀት ነው፤ የማደን ፈቃድ ሌላ ወረቀት ነው። ሽጉጥ በሥራው ምክንያት የተሰጠው ሹም የተሰጠው ራሱንና የመንግሥትን ንብረት እንዲጠብቅበት ነው። በቦር መንገድ ሲጓዝ መንጋ ቢያጋጥመው ያ ወረቀት ከመኪናው መስኮት አንዲት ጥይት እንኳ አያስተኵሰውም። በእርግጥ በዚያ መንገድ የሚወድቀው እንስሳ አብዛኛው በሽጉጥ የሚወድቅ አይደለም፤ ክላሽኒኮቭ፥ ወጥመድና ሞተር ቢስክሌት ናቸው የሚፈጁት። ሆኖም ባለ ሽጉጡ ብዙ ጊዜ ባለ ሥልጣን ነው። ዘቡ ገበሬውን አስቁሞ ሥጋውን ሲወርስ፥ ባለ ሽጉጡን ግን ሰላምታ ሰጥቶ ካሳለፈ፥ ሕጉ ከመንገዱ ዳር ካሉ መንደሮች በአንዱም አይከበርም።

በዚህ አንጻር የድኻው ነገር ሊታለፍ አይገባም። ባሪውም፥ ሙንዳሪውም፥ ሙርሌውም በጦርና በወጥመድ ለምግቡ ያህል ሲያድን የኖረ ነው፤ በተራበ ዓመት ቆርኬ ሕይወት አድኗል። ሜዳውን የሚያራቍተው ለአንድ ቤተሰብ ድስት የሚታደነው አይደለም፤ ደርቆ በጭነት መኪና ወደ ከተማ ገበያ የሚወርደው ነው። ስለዚህ ጥያቄው የከተማው ሰው ጥያቄም ነው። በጁባ ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፥ ኤርትራውያንና ሌሎችም ነጋዴዎች ሥጋው ከየት መጣ ብለው ቢጠይቁ፥ ከአንድ ኬላ የበለጠ ሥራ ይሠራሉ።

ለነዚህ ነጋዴዎች ሌላም የሚነገር አለ። ነጭ ጆሮ ቆርኬ ድንበር አያውቅም፤ በወራቱ ከቦማ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ይሻገራል። በኢትዮጵያ በኩል በ1944 ከወጣው የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ጀምሮ እስከ 2007ቱ አዋጅ ቍጥር 541 ድረስ አደን በመንግሥት ፈቃድ ሥር ነው፤ የጦር መሣሪያም በ2020 በወጣው አዋጅ ቍጥር 1177 ይተዳደራል። በዚህ ዳር በሽጉጥ ቆስሎ የሄደ እንስሳ በዚያ ዳር ሊሞት ይችላል፤ የማንም ደብተር አይመዘግበውም።

ለአስተዳደሩ ሠራተኞች ሁለት ነገር ማሳሰብ ይበቃል። የመጀመሪያው፥ የአደን ፈቃድ ሲሰጥ የእንስሳው ዓይነትና ቍጥር ብቻ ሳይሆን የጠመንጃውም ዓይነትና የጥይቱ ስፋት ቢጻፍበት መልካም ነው፤ በኬላ ያለው ዘብ ወረቀቱን ከመሣሪያው ጋር ሊያስተያይ የሚችለው ያን ጊዜ ነውና። ሁለተኛው የቆሰለ እንስሳ ነገር ነው። ሽጉጥ የታጠቀ ሹም በመኪና ተገጭቶ ወይም በሌላ ሰው ጥይት ቆስሎ በመንገድ ዳር የሚንፈራገጥ እንስሳ ቢያገኝ፥ አስቀድሞ በቅርብ ላለው የዱር እንስሳት ዘብ ያስታውቅ። ዘብ ከሌለና እንስሳው የማይድን ከሆነ፥ ከቅርብ ቆሞ፥ ከበስተኋላው ሰውና ከብት አለመኖሩን አይቶ፥ በአንድ ጥይት ያሳርፈው። ቀኑን፥ ሥፍራውንና የተኰሰውን ጥይት ቍጥር ጽፎ ለዘቡ ጽሕፈት ቤት ያስረክብ። ሥጋውንና ቆዳውን ግን በመኪናው አይጭንም።