የጤናማ ጆሮ ምርመራ በቀጭን ድምፆች



የወጣት ሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሔርትዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። በየክሊኒኩ የሚደረገው የተለመደው የመስማት ምርመራ ግን ከ250 ሔርትዝ ጀምሮ 8,000 ላይ ያበቃል፤ ለንግግር የሚያስፈልገው ድምፅ በአብዛኛው በዚህ ክልል ውስጥ ይገኛልና። ስለዚህ «ጤናማ» ተብሎ የተመዘገበ ጆሮ ጤንነቱ የተረጋገጠው እስከ 8,000 ድረስ ብቻ ነው።

ከዚያ በላይ መመርመር ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ምክንያቱ የውስጠኛው ጆሮ አሠራር ነው። በኮክሊያ ውስጥ ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉራም ሕዋሳት በመግቢያው አጠገብ፣ ወፍራሙን የሚቀበሉት ደግሞ ወደ ጫፉ ተደርድረዋል። እንደ አሚካሲን ያሉ መድኃኒቶችና ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲን ጉዳታቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከመግቢያው ነው። በሽተኛው «መስማት አቃተኝ» የሚለው ጉዳቱ ንግግር ወደሚሰማበት ክፍል ከዘለቀ በኋላ ነው፤ የሞቱት ሕዋሳትም አይተኩም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ አሚካሲን ሲሰጥ፣ ጉዳቱን ለመከታተል በቂ ዝግጅት እንዲኖር ያሳሰበው ስለዚህ ነው።

ሥራው ግን ጥንቃቄን ይሻል። የ16,000 ሔርትዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የጆሮ ቦይ ርዝመትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚህም ምክንያት ማዳመጫው ጥቂት እንኳ ቢዛነፍ ታምቡሩ ዘንድ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ይለዋወጣል። ዕድሜም አስቀድሞ የሚቀንሰው የቀጭኑን ድምፅ መስማት ነው። ስለሆነም የሁለት ጤናማ ሰዎች ውጤት እጅግ ሊለያይ ይችላል።

ይህ ልዩነት ምርመራውን ዋጋ አያሳጣውም፤ የአንድ ሰው ትክክለኛ መለኪያ የራሱ የቀድሞ ውጤት መሆኑን ያስረዳል እንጂ። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ፣ ከመነሻው ውጤት በአንድ ድግግሞሽ 20 ዴሲቤል፣ ወይም በሁለት ተከታታይ ድግግሞሾች 10 ዴሲቤል የወረደ መስማት በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ እንደ ጉዳት ይቆጠራል። መነሻ ያልተመዘገበለት በሽተኛ ግን ልዩነቱ ከምን ላይ ይቀነሳል?

ስለዚህ የምርመራው ተገቢ ጊዜ የመጀመሪያው መርፌ ከመወጋቱ በፊት፣ ጆሮው ገና ደኅና ሳለ ነው። ለውጡ በቀጭኑ ድምፅ ላይ ሲታይ ሐኪሙ መጠኑን ለመቀነስ ወይም መድኃኒቱን ለመለወጥ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።